ለምራቅ ኮርቲሶል የትኛውን አንቲቦዲ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። አዳር ተረኛ ነርሶች ከቀን ተረኞች የበለጠ ይጨነቁ እንደሆነ በምራቃቸው ውስጥ ያለውን የጭንቀት ሆርሞን፣ ኮርቲሶልን፣ ለክቼ ማየት እፈልጋለሁ። 20 አዳር ተረኛና 20 ቀን ተረኛ እወስዳለሁ፤ ከእያንዳንዳቸው ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት አንድ አንድ ናሙና። ብር ለመቆጠብ ሙሉ ኪት ትቼ 100 ማይክሮ ሊትር የኮርቲሶል አንቲቦዲ (ሆርሞኑን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ብቻ አስመጥቼ ኤሊሳውን፣ መጠኑን በቀለም የሚያሳየውን ምርመራ፣ ራሴ ላዘጋጅ አስቤአለሁ። ለሳንድዊች ኤሊሳ የሚሆን ጥንድ አንቲቦዲ ግን ከየትም አጣሁ። ሞኖክሎናል ይሻለኛል ወይስ ፖሊክሎናል? ናሙናውስ ለምርመራ ባሕር ዳር እስኪደርስ ይበላሽብኛል?»

መልስ፦ ጥንዱን ያጡት ሻጮቹ ስላለቀባቸው አይደለም። ለኮርቲሶል በተለመደው መንገድ የሳንድዊች ኤሊሳ አይሠራም። ሳንድዊች የሚሠራው ሁለት አንቲቦዲዎች አንዱን ሞለኪውል ከሁለት ወገን ሲይዙት ነው። ኮርቲሶል 362 ዳልተን ብቻ የሚመዝን ስቴሮይድ ሲሆን አንቲቦዲው ግን ወደ 150,000 ዳልተን ይደርሳል፤ ከ400 እጥፍ በላይ ማለት ነው። የመጀመሪያው አንቲቦዲ ኮርቲሶልን ሲይዘው ሞለኪውሉ ኪሱ ውስጥ ገብቶ ይዋጣል፤ ለሁለተኛው የሚጨበጥ ጠርዝ አይተርፍም። ኮርቲሶል እንዲመነጭ የሚያዘው የፒቱታሪ (የአንጎል ሥር ዕጢ) ሆርሞን፣ ኤ ሲ ቲ ኤች፣ 39 አሚኖ አሲድ ስላለው በጥንድ ይያዛል። ምናልባት ያነበቡት ስለዚያኛው ይሆናል።

ስለዚህ የሚያስፈልግዎ የሽሚያ ኤሊሳ ነው። በመለኪያው ሳሕን (ፕሌት) ጉድጓድ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ የተወሰነ ነው። ከምራቁ የመጣው ኮርቲሶልና ኪቱ ውስጥ ያለው፣ ኤች አር ፒ የሚባል ኤንዛይም የተለጠፈበት ኮርቲሶል፣ ለዚያች ጥቂት ቦታ ይሻማሉ። በምራቁ ውስጥ ብዙ ኮርቲሶል ካለ ኤንዛይሙ ቦታ አጥቶ ታጥቦ ይወጣል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ጥቂት ካለ ቀለሙ ይደምቃል። ይህን ገልብጠው የሚያነቡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ደማቁን ጉድጓድ «ከፍተኛ ጭንቀት» ብለው ይመዘግባሉ። አሠራሩ ተመራማሪዎቹ ያሎውና በርሰን በ1960 ለኢንሱሊን ካወጡት የራዲዮ ኢሚውኖአሴይ የወረደ ነው። እነሱ በጨረር አመንጪ አዮዲን ይለኩት የነበረውን ዛሬ በኤንዛይምና በቀለም እንለካዋለን፤ የሽሚያው ሐሳብ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ ሞኖክሎናል (ከአንድ የሴል ዘር የተገኘ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ) ወይስ ፖሊክሎናል (እንደ ጥንቸል ካለ እንስሳ ደም የተገኘ ቅልቅል) የሚለው፣ በስሙ ብቻ አይመለስም። ኮርቲሶል ትንሽ በመሆኑ ብቻውን ቢወጋ እንስሳው አንቲቦዲ አያመርትም። ስለዚህ ከትልቅ ፕሮቲን ጋር፣ ብዙ ጊዜ ከከብት አልቡሚን ጋር፣ በኬሚካል ድልድይ ተያይዞ ይወጋል። ድልድዩ የተተከለበት ቦታ አንቲቦዲው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ይወስናል። በብዛት የሚተከለው በኮርቲሶል 3ኛው ካርበን ላይ ነው። ያ ወገን በድልድዩ ስለሚሸፈን አንቲቦዲው የሞለኪውሉን የወዲያኛውን ጫፍ በደንብ ይለያል፤ በድልድዩ አካባቢ ያለውን ለውጥ ግን ያልፈዋል። ፕሬድኒሶሎን ከኮርቲሶል የሚለየው በዚሁ ወገን፣ በ1ኛውና በ2ኛው ካርበን መካከል ባለ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ነው። የኮርቲሶል አንቲቦዲዎች ፕሬድኒሶሎንን ኮርቲሶል ብለው የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው። በብዙዎቹ ተጓዳኝ ምላሹ፣ ማለትም ሌላውን ሞለኪውል እንደ ኮርቲሶል የመቁጠሩ መጠን፣ ከ10 በመቶ በላይ ነው፤ ከ50 በመቶ የሚያልፍም አለ።

በምራቅ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በቂ ትኩረት ሲያገኝ አላይም። የምራቅ ዕጢ ኮርቲሶልን ወደ ኮርቲሶን የሚለውጥ ኤንዛይም አለው። ስለዚህ በደም ውስጥ ካለው በተቃራኒ በምራቅ ውስጥ ኮርቲሶን ከኮርቲሶል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሒሳቡን ይሥሩት፦ አንድ ናሙና 2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ኮርቲሶልና 10 ናኖግራም ኮርቲሶን ቢኖረው፣ የአንቲቦዲው ተጓዳኝ ምላሽ ለኮርቲሶን 5 በመቶ ከሆነ፣ መሣሪያው ግማሽ ናኖግራም ጨምሮ 2.5 ያነባል። የ25 በመቶ ስሕተት ነው። የኪቱ ወረቀት ላይ «5 በመቶ» ትንሽ ይመስላል፤ በምራቅ ላይ ግን ትንሽ አይደለም። ለኮርቲሶን ከ2 በመቶ በታች የሆነ ይምረጡ። ሞኖክሎናል ያለው ብልጫ ከአንዱ ምርት ወደሌላው አለመለዋወጡ ነው፤ ፖሊክሎናል ደግሞ አንዳንዴ አጥብቆ በመያዝ ይበልጣል፤ ጥንቸሉ ሲለወጥ ግን ባሕርዩም ይለወጣል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚወስነው የተጓዳኝ ምላሹ ሠንጠረዥ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። 100 ማይክሮ ሊትር አንቲቦዲ ብቻውን ምንም አይለካም። ከእሱ ጋር ኮርቲሶል የተለጠፈበት ኤች አር ፒ፣ ፀረ ጥንቸል ወይም ፀረ አይጥ አንቲቦዲ የተለበጠ ፕሌት፣ መጠኑ የታወቀ ንጹሕ ኮርቲሶል (ስታንዳርድ)፣ ከኮርቲሶል የጸዳ የምራቅ መሰል ፈሳሽና ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙናዎች (ኮንትሮሎች) ያስፈልጋሉ። ከዚያም የአንቲቦዲውን መበረዣ በአንድ ወገን፣ የኤንዛይሙን መበረዣ በሌላ ወገን እንደ ዳማ ሰሌዳ ደርድረው፣ ዜሮ ስታንዳርዱ በቂ ቀለም የሚሰጥበትንና 1 ናኖግራም አካባቢ ቀለሙ በግማሽ የሚወርድበትን ጥምረት እስኪያገኙ ድረስ ፕሌት በፕሌት ይሞክራሉ። ልምድ ላለው ሰው የሳምንታት ሥራ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ጊዜዎን ይበላዋል፤ የሚያባክኑት ፕሌትና ኬሚካልም ከኪቱ ዋጋ በላይ ሊሄድ ይችላል። በተጨማሪ ካታሎግ ላይ በስም መመሳሰል የሚሳሳቱ አሉ፦ የግሉኮኮርቲኮይድ ሪሴፕተር አንቲቦዲ ሆርሞኑን የሚቀበለውን ፕሮቲን እንጂ ሆርሞኑን አይዝም፤ ለቲሹ ማቅለሚያ ተፈትኖ የተሸጠ አንቲቦዲም ለምራቅ ይሆናል ማለት አይደለም። አንቲቦዲውን ለብቻው አይግዙ። ለምራቅ የተዘጋጀ የሽሚያ ኤሊሳ ኪት ይግዙ።

«ለምራቅ የተዘጋጀ» የምለው በምክንያት ነው። በደም ውስጥ ካለው ኮርቲሶል ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚዞር ነው፤ ወደ ምራቅ የሚያልፈው ያልተጣበቀው ብቻ ነው። የጤናማ አዋቂ የጠዋት ሴረም (የረጋ ደም ተለይቶ የሚቀረው ፈሳሽ) ከ50 እስከ 250 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አካባቢ ሲሆን የጠዋት ምራቅ ግን በአብዛኛው ከ1 እስከ 10 ነው፤ ማታ ሲተኙ ከ1 በታች ይወርዳል። ዝቅተኛ ስታንዳርዱ 10 ወይም 20 ናኖግራም የሆነ የሴረም ኪት ቢገዙ የማታ ናሙናዎ በሙሉ ከመስመሩ ውጭ ይወድቃል። የምራቅ ኪት ዝቅተኛ ስታንዳርዱ ከ0.2 ናኖግራም ባይበልጥ እመርጣለሁ። ውጤት ሲያነጻጽሩ አሃዱን ይመልከቱ፦ 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 2.76 ናኖሞል በሊትር ነው፤ 1 ማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ደግሞ 27.6 ናኖሞል በሊትር። በዚህች ማባዣ የተምታታ የመመረቂያ ጽሑፍ ጥቂት አይደለም።

ከአንቲቦዲው በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጥናቱ አወቃቀር ነው። አንቲቦዲው የአንድን ሞለኪውል ቅርጽ ያውቃል፤ ጭንቀትን አያውቅም። ኮርቲሶል ሰው ሳይጨነቅም በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል፦ ሊነጋጋ ሲል ይጨምራል፤ ከእንቅልፍ በነቁ በ30 እና በ45 ደቂቃ መካከል ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ ሌሊት 6 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል። ባቀዱት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቀን ተረኛዋ ከነቃች አንድ ወይም ሁለት ሰዓቷ ነው። አዳር ተረኛዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች፣ ገና ልትተኛ የምትሄድ ናት። ልዩነት ቢያገኙ የእንቅልፍ ሰዓት ልዩነት እንጂ የጭንቀት ልዩነት መሆኑን በምን ያሳያሉ? ደግሞም ለረጅም ጊዜ የተዳከመ ሰው ኮርቲሶሉ የግድ ከፍ አይልም፤ የቀኑ መስመር ጠፍጣፋ ሊሆን፣ የጠዋቱ ጫፍ ሊያንስም ይችላል። «ከፍ ካለ ተጨንቃለች» የሚለው መላምት ከመነሻው መታረም አለበት።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቡድኖችን ትተው አንዷን ነርስ ከራሷ ጋር ያነጻጽሩ። ነርሶች ፈረቃ ስለሚቀያየሩ 40ዎቹንም በአዳር ሳምንታቸው አንዴ፣ በቀን ሳምንታቸው አንዴ መለካት ይችላሉ፤ ዕድሜ፣ ልጅ፣ የቤት ጣጣ፣ ክብደት ሁሉ በዚህ ይጣፋል። የአዳሩን ናሙና ከሦስተኛው አዳር በፊት አይውሰዱ። በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ናሙና ይበቃል፦ ዓይኗን እንደገለጠች፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ፣ እና ከመተኛቷ በፊት። አዳር ተረኛዋ ከቀኑ 8 ሰዓት ብትነቃ የመጀመሪያ ናሙናዋ ያን ጊዜ ነው። 40 ሰው በ2 ዙር በ3 ናሙና 240 ናሙና ይሆናል። በዚህ መጠን ስለ ቡድኑ አማካይ መናገር ይችላሉ፤ ስለ አንዲት ነርስ ግን አይችሉም፤ ለዚያ ብዙ ቀን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በኮርቲሶል ቁጥር ማንንም «ተጨንቃለች» ብላችሁ ለአለቃዋ እንዳትነግሩ፤ ይህን ለጥናቱ ረዳቶችዎም ጭምር አስረግጠው ይንገሩ።

ከጥናቱ የሚወጡትን አስቀድመው ይለዩ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የምትወስድ፣ የአስም መንፊያ የምትጠቀም፣ እርጉዝ የሆነች ትውጣ። የፊት ማቅሊያ ቅባትን ደግሞ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ፤ «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባሉ ቅባቱን መድኃኒት ብለው አያስቡትምና አይነግሩዎትም። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ቅባት በቆዳ ሰርጎ ኮርቲሶልን የሚያመነጨውን የአድሬናል ዕጢ ሥራ ሊያዳፍን ይችላል፤ የዚያች ነርስ ኮርቲሶል ዝቅ ይላል። ሃይድሮኮርቲሶን ደግሞ ያው ኮርቲሶል ነው፤ ቅባቱን በእጇ ነክታ ጣቷ ቱቦው አፍ ላይ ቢያርፍ ናሙናው በብዙ እጥፍ ይዘላል። ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በደም ውስጥ ኮርቲሶልን የሚሸከመውን ፕሮቲን ስለሚያበዛ የሴረሙን ቁጥር ያሳብጣል፤ ምራቅን ያን ያህል አይነካም። ሆኖም መዝግበው ይያዙት።

ምራቁ በጥጥ አይሰብሰብ። አፍ ውስጥ ሲጠራቀም በአጭር ስትሮ ወደ ፖሊፕሮፒሊን ቱቦ ይውረድ፤ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አረፋው አይቆጠርም። ስቴሮይድ አንዳንድ ፕላስቲክ ላይ ስለሚለጠፍ ተራ የፖሊስታይሪን ቱቦ አይጠቀሙ። ምራቅ እንዲመጣ ሎሚ መስጠት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ክልክል ነው። አሲዱ አንቲቦዲው እንዳይዝ ያደርገዋል፤ ያልተያዘ ማለት ደግሞ በሽሚያ ኤሊሳ የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ማለት ነው። ከናሙናው በፊት ለ1 ሰዓት ያህል ምግብ፣ ቡናና ወተት አይቀመስ፤ ካፌይን ራሱ ኮርቲሶልን ያነሣል፤ የላም ወተት ደግሞ የላሟን ሆርሞን ይዞ ይመጣል። ስትነቃ የሚወሰዱት ሁለቱ ናሙናዎች እስኪያልቁ ጥርስም አይፋቅ። በመፋቂያ የተፋቀ ድድ ይደማል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ኮርቲሶል ከምራቁ እጅግ ይበልጣል። ቱቦውን በነጭ ወረቀት ፊት ያንሡት፤ ቀላ ያለ ጥላ ካየሁበት እኔ እጥለዋለሁ።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ነርሷ ቱቦው ላይ «2:30» ብላ ትጽፋለች፤ ጠዋት ማለቷ ነው። መረጃ የሚያስገባው ሰው ኮምፒውተር ላይ ያንኑ 2:30 ይመታል፤ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ያደርገዋል። በቀን ውስጥ በብዙ እጥፍ የሚለዋወጥ ሆርሞን ላይ የ6 ሰዓት ስሕተት ሥራውን ያፈርሰዋል፤ በኋላም ከቁጥሩ ለይተው ማውጣት አይችሉም። ስለዚህ ቱቦው ላይ አስቀድመው የታተመ መለያ ይለጥፉ፦ ኮድ፣ «ስነቃ»፣ «ከ30 ደቂቃ በኋላ»፣ «ስተኛ»። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ጠዋት»፣ «ከቀኑ»፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» ከሚል ቃል ጋር ይጻፍ፤ ወደ ሌላው አቆጣጠር የሚቀይረውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የነቃችበት ሰዓትና ናሙናው የተሰጠበት ሰዓት ለየብቻ ይጻፉ። ስትነቃ የሚለውን ናሙና በ10 ደቂቃ ያሳለፈች ነርስ ጫፉን እንደ መነሻ ታስቆጥርብዎታለች።

የፈሩት የመንገዱ ነገር ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ኮርቲሶል ጠንካራ ሞለኪውል ነው። በፍሪጅ ለሳምንታት፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ለወራት ይቆያል፤ አንድ ቀን በክፍል ሙቀት ቢውልም አይጠፋም። ምራቁን የሚያበላሸው ሻጋታና ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ ነርሷ ቤቷ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠው፤ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ተሰብስቦ ፍሪዘር ይግባ፤ ሲበቃ ተጠራቅሞ በአንድ የበረዶ ሣጥን በቡሬ በኩል ያለውን ወደ 265 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ ቀን ይጓዝ። መብራት ጠፍቶ አንዴ ቢቀልጥም ሥራዎ አልጠፋም፤ መዝግበው መልሰው ያቀዝቅዙት። በኤ ሲ ቲ ኤች ቢሆን ኖሮ ደሙ ከክንድ ሲወጣ ጀምሮ በበረዶ ላይ መሆን ነበረበት፤ ይህን ሁሉ ፍርሃት ያመጣው እሱ ይመስለኛል። እንዳይሸት ብለው ሶዲየም አዛይድ እንዳይጨምሩበት። አዛይድ ኤች አር ፒን ያፍነዋል፤ ቀለሙ ይጠፋል፤ ናሙናውም ሁሉ ኮርቲሶል የሞላበት ይመስላል።

ተሰባሪው ኪቱ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እንጂ በረዶ አይነካውም። ኤንዛይም የተለጠፈበት ፈሳሽ አንዴ ከቀዘቀዘ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ብዙ ፍሪጅ ደግሞ ከኋላ ግድግዳው አጠገብ ያቀዘቅዛል። ከቦሌ እስከ ላቦራቶሪዎ ያለውን ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ በሣጥኑ ውስጥ እንዲገባ አስቀድመው ይስማሙ። የጉምሩክና የፈቃድ ወረቀት ሳያልቅ ዕቃው አይነሣ፤ ዓርብ ከሰዓት የደረሰ ሣጥን እስከ ሰኞ ማን በረዶ ይቀይርለታል?

ናሙናው ሲቀልጥ ዝልግልጉ ሙሲን ይለያያል፤ በ1,500 ጂ ለ15 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ ያዙሩትና የላይኛውን የጠራ ፈሳሽ ይውሰዱ። ጂ እና የዙር ብዛት አንድ አይደሉም፦ ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን ይህ በደቂቃ ወደ 3,660 ዙር ነው፤ የእርስዎን ራዲየስ በማስመሪያ ለክተው ያስሉ። ያልጠራ ምራቅ በፒፔት አይወርድም፤ 25 ማይክሮ ሊትር ያሉት 15 ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሁሉም ዕቃ ከፍሪጅ ወጥቶ አንድ ሰዓት ይቆይ።

የክፍሉ ሙቀት ለእናንተ ከተሞች ልዩ ጉዳይ ነው። ኪቶች «የክፍል ሙቀት» ሲሉ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለታቸው ነው። ደብረ ማርቆስ በሐምሌና በነሐሴ ላቦራቶሪው ከዚያ በታች ነው፤ ቀለሙ ዘግይቶና ደብዝዞ ይወጣል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ከሰዓት ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ቀለሙ ይፈጥናል፤ የዳር ጉድጓዶች ቀድመው ሞቀው ከመሐሉ የተለየ ውጤት ይሰጣሉ። ቴርሞሜትር ፕሌቱ አጠገብ ያስቀምጡ፤ ቢቻል 25 ዲግሪ የተሞላ ኢንኩቤተር ይጠቀሙ፤ ፕሌቱን በማሸጊያ ፕላስቲክ ይሸፍኑ፤ ፕሌት በፕሌት ላይ አይደርቡ። በየፕሌቱ ላይ የራሱ የስታንዳርድ መስመር መኖር ያለበትም ለዚህ ነው፤ የትናንቱን መስመር ለዛሬ መጠቀም ክልክል ነው።

አጠባው በአንድ ጉድጓድ 300 ማይክሮ ሊትር፣ አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ ወረቀት ላይ ገልብጦ መምታት። ውሃው የተጣራ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ቲ ኤም ቢ የተባለውን የቀለም ፈሳሽ ራሱን ሊያቀልመው ይችላል። ቲ ኤም ቢ ከጠርሙሱ ሲወጣ ሰማያዊ ከሆነ ተበክሏልና ይጣል። ባለ አንድ አፍ ፒፔት 96 ጉድጓድ ለመሙላት ከ10 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ የመጨረሻው ጉድጓድ ሽሚያውን የሚጀምረው ከመጀመሪያው በጣም ዘግይቶ ነው። ባለ 8 አፍ ፒፔት ተውሰውም ቢሆን ያግኙ። ቲ ኤም ቢ ከመጨመርዎ በፊት ማንበቢያው ማሽን በዩ ፒ ኤስ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማቆሚያው አሲድ ከገባ በኋላ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ውስጥ በ450 ናኖሜትር መነበብ አለበት፤ ጄኔሬተር እስኪነሣ የሚጠብቅ ቀለም የለም።

አንድ ፕሌት 96 ጉድጓድ አለው። ዜሮውን ጨምሮ 7 ስታንዳርድ፣ 2 ኮንትሮልና 1 ባዶ፣ ሁሉም በጥንድ፣ 20 ጉድጓድ ይወስዳሉ። የቀረው 76 ስለሆነ 38 ናሙና በጥንድ ይሄዳል። የአንዲት ነርስ 6 ናሙና ሁሉ በአንድ ፕሌት ላይ መሆን ስላለበት በአንድ ፕሌት 6 ነርስ ይገባል፤ ለ40 ነርስ 7 ፕሌት። ለሙከራና ለድጋሚ ተጨማሪ 2 ይግዙ፤ ዘጠኙም ከአንድ የምርት ቁጥር (በአንድ ጊዜ ከተመረተ) ይሁኑ።

የመጀመሪያውን ፕሌት በነርሶቹ ናሙና አይጀምሩ። ከፈቃደኞች የተቀላቀለ ምራቅ ወስደው በኪቱ ማበረዣ፣ በውሃ ሳይሆን፣ ግማሽ በግማሽ እያሉ ይበርዙት። ያልተበረዘው 6.0 ካነበበ ቀጣዮቹ 3.0 እና 1.5 አካባቢ መሆን አለባቸው። በማባዣው ሲያበዟቸው 6.0፣ 7.4፣ 9.6 እያሉ የሚወጡ ከሆነ አንቲቦዲው ከኮርቲሶል ሌላ የሚይዘው ወይም የሚያውከው ነገር አለ፤ ኪቱ ለእርስዎ ናሙና አልሆነም ማለት ነው። የታወቀ መጠን ኮርቲሶል ጨምረውም ከ80 እስከ 120 በመቶው ተመልሶ መምጣቱን ይዩ። በዋናው ሥራ ላይ የጥንዱ ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ናሙናው ይደገም፤ ኮንትሮሉ ከተሰጠው ወሰን ከወጣ ፕሌቱ በሙሉ ይደገም። መስመሩን ቀጥ ያለ አድርገው አያስምሩት፤ ኤስ ቅርጽ ስላለው ባለ 4 ፓራሜትር ስሌት ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም ጫፎች አካባቢ የወደቀ ቁጥር አይታመንም። ከስታቲስቲክሱ በፊትም ቁጥሮቹን ወደ ሎጋሪዝም ይቀይሩ፤ ኮርቲሶል ወደ ቀኝ የተንጋደደ ስርጭት አለው።

ሌሎቹን አማራጮች በአጭሩ ልጥቀስ። በሆስፒታል አውቶማቲክ ማሽን ሴረም ማስለካት ለሕክምና ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግን መርፌው ራሱ ኮርቲሶል ሊያነሣ ይችላል፤ ነርሷም ቤቷ ስትነቃ ደም የሚቀዳላት የለም። አንዳንዶቹ ማሽኖች ቢዮቲን የተባለውን ቫይታሚን የሚይዝ አሠራር ስላላቸው ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ከፍተኛ ቢዮቲን የሐሰት ከፍተኛ ኮርቲሶል ያሳያል፤ ይህን ስለ ኤሊሳ ኪትዎም ሻጩን ይጠይቁ። ፀጉር የወራት አማካይ ይሰጣል፤ ቅቤ የሚቀባና የሚሠራ ፀጉር ግን ማጠቡና ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው፤ የፈረቃን ልዩነት በሳምንት ለይቶ አያሳይም። ከሁሉም ትክክለኛው ስቴሮይዶቹን በክብደታቸው የሚለየው የማስ ስፔክትሮሜትሪ ዘዴ ነው። የሚተባበር ላቦራቶሪ ካገኙ 20 ናሙና ልከው የኤሊሳውን ቁጥር ያመሳክሩ፤ ካላገኙ ጥናትዎ በዚህ አይቆምም። በነገራችን ላይ ይህን የሚያነብ የእንስሳት ተመራማሪ ካለ፦ የጣና ቆሮሶ ዓሣና የከብት ዋና ሆርሞን ኮርቲሶል ነው፤ የአይጥና የዶሮ ግን ኮርቲኮስቴሮን ነው። ለአይጥ የኮርቲሶል ኪት አይገዛም።

ለሻጩ ሲጽፉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ አንቲቦዲው ለኮርቲሶንና ለፕሬድኒሶሎን ያለውን ተጓዳኝ ምላሽ በመቶኛ፤ በምራቅ ላይ የተፈተነ ዝቅተኛ ስታንዳርዱን በናኖግራም፤ ዘጠኝ ፕሌት ከአንድ የምርት ቁጥር፣ ሲደርስ ቢያንስ 6 ወር ዕድሜ የቀረው መሆኑን። ከሦስቱ አንዱን ያልመለሰ ሻጭ ዘንድ፣ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም፣ ትእዛዙን አይፈርሙ።